የባልቴቲቱ አልቦ

አንዲት ባልቴት ችግር በደረሰባት ጊዜ በሠርጓ ቀን ያደረገችውን የብር አልቦ ይዛ ወደ ብር ነጋዴ ሄደች። ነጋዴውም በሚዛን አኖረው እንጂ አንጥረኛው የደከመበትን ሥራ አልቈጠረላትም። እርሷም አዘነች፤ የሠርጓ ጌጥ በሚዛን ላይ እንደ ማናቸውም ብር ሆኖባታልና።

ነጋዴውን ግን ስለዚህ ብቻ ሌባ ማለት አይገባም። በገዛበትና በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለው ትርፍ የሱቁ ኪራይና የልጆቹ እንጀራ ነው። ጌጡ ሳይሸጥ ብዙ ወራት ቢቀመጥ፥ የብርም ዋጋ ቢወድቅ፥ ጉዳቱ የእርሱ ነው። ደግሞም ብር ሁሉ ንጹሕ አይደለም። አንጥረኞች ብዙውን ጊዜ ጌጥ የሠሩት ማርትሬዛ የተባለውን ብር እያቀለጡ ነው፤ ይህም 1780 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ገንዘብ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፥ ከ1000 እጅ 833ቱ ብቻ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ ነጋዴው «በንጹሕ ብር ዋጋ አልገዛም» ቢል እውነት አለው።

የሚነቀፈው በሌላ ነገር ነው። አልቦውን «ይህ ስብርባሪ ነው» ብሎ በሚዛን ከገዛ በኋላ፥ አጥቦና ወልውሎ ለአገር ጎብኚ «የጥንት ሰው የእጅ ሥራ ነው» ብሎ በእጥፍ ቢሸጠው፥ በአንድ ምላስ ገዝቶ በሌላ ምላስ መሸጡ ነው። ሁለተኛው ቃል እውነት ከሆነ የፊተኛው ሐሰት ነበረ።

ባልቴቲቱም ወደ ሌላ ሱቅ ሄዳ ዋጋ አልጠየቀችም፤ የሚዛኑንም ቁጥር አላየችም። ቁጥር የሚያነብ የልጅ ልጅ በቤቷ ነበራት፤ እርሱን ግን ከብት ይጠብቅ ብላ ትታው ሄደች።