ቀን ሥራ ወይስ ኮንትራት? ለምትጠይቁኝ ልጆች

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ የስድስት ወር ኮንትራት አግኝቻለሁ፤ ግን ቀን ሥራው የተሻለ ይከፍላል፣ የቱን ልያዝ?» ለእያንዳንዳችሁ ስጽፍ ከማድር እዚሁ ልመልስ። በነገራችን ላይ፣ እኛ ሀብሩ ላይ «ኮንትራት» ሲባል ጆሮአችን ቶሎ ሳዑዲ ይደርሳል። የማወራው ስለዚያ አይደለም። እዚሁ መርሳና ወልድያ ሕንፃ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ሆቴል ቤት፣ ለተወሰነ ጊዜ ተፈርሞ ስለሚሠራው ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። «በቀን 500፣ በወር 15 ሺህ!» ብሎ የጻፈልኝ አለ። ወንድሜ፣ ወር ሙሉ ማን ጠራህ? ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እንያዘው። እሑድን አውጣ፣ 26 ቀን ቀረ። ሲሚንቶ ያልመጣበትን፣ ዝናብ የጣለበትን፣ መንገድ የተዘጋበትን፣ ለቅሶ የዋልክበትን፣ ዒድና ጥምቀትን አውጣ። 15 ቀን ከሠራህ ደህና ወር ነው፤ 7,500 ብር። ታዲያ ያንን የ8,000 ብር ኮንትራት «ትንሽ ነው» ያልከው በየት በኩል ነው? አዋጁ (1156/2011) የወር ተከፋይ በሕዝብ በዓል ምክንያት ደሞዙ አይቀነስም ይላል። ለሌላው ተከፋይ ግን የበዓል ክፍያው በውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ይወሰናል። ውል የሌለው ሰው ምን እንደሚወሰንለት እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያስተማርኩት አንድ ልጅ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አሠሪው የመጀመሪያ ቀን ሕክምናውን ከፈለ፤ ከዚያ ስልኩን አጠፋ። በሕጉ ከሆነ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ቀን ሠራተኛም ሠራተኛ ነው። ግን ልጁ እዚያ መሥራቱን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት የለውም። የቆጠረው ካቦ ነው፣ የከፈለው ካቦ ነው፣ ካቦው ደግሞ ሌላ ከተማ ሄዷል። አብረው የሠሩት ልጆችም ነገ ሥራ እንዳያጡ ፈርተው «አላየንም» አሉ። አልፈርድባቸውም።

ኮንትራት ፈርሞ ቢሆን ኖሮስ? ሕመም ቢያገኘው እንኳን፣ የ60 የሥራ ቀን ሙከራውን ከጨረሰ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ ደሞዝ ይከፈለው ነበር። ሲጨርስ ደግሞ የሥራ ልምድ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ይህቺን ወረቀት አትናቁ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ግንባታ ከ2007 ጀምሮ በእኛ በኩል ሲጧጧፍ የአካባቢው ልጅ ሁሉ እዚያ የሚቀጠር ነበር የሚመስለው። ፕሮጀክት ግን ያልቃል፣ ይቆማልም። ከዚያ በኋላ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ያን ሁሉ አልፎ ሌላ ሥራ የሚፈልግ ሰው «አምስት ዓመት ሠርቻለሁ» ብሎ በአፉ ቢናገር ማን ይሰማዋል?

እህቶቼ፣ ሆቴልና ካፌ የምትሠሩ፣ ለእናንተ ደግሞ የወሊድ ፈቃድ አለ። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፣ ከነደሞዙ። በቀን እየተከፈላት የምትሠራ ሴት ሆዷ ሲገፋ «ነገ አትምጪ» ነው የምትባለው። እያየነው ነው።

እንዲህ ስል ኮንትራት ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ሙያ ያለው ሰው፣ ግንበኛ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ሴራሚክ የሚያነጥፍ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። እሱን በወር ደሞዝ ማሰር ግፍ ነው፤ በቀን ወይም በቁርጥ ይሥራ። (ከእኔ ደሞዝ በላይ የሚያገኙ የድሮ ተማሪዎቼ አሉ፤ ቡና ይጋብዙኛል፣ እኔም እጠጣለሁ።) መሬት ያለውና ሽንኩርት የሚያጠጣ የመርሳ ልጅም ቢሆን ቀን ሥራው ይመቸዋል፤ እርሻው ሲያስፈልገው ይቀራል፣ ሲመቸው ይወጣል። እኔ የምፈራው ጉልበቱን ብቻ ይዞ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል መንገድ ዳር አካፋ ተደግፎ ለሚቆመው ልጅ ነው። ለእሱ መልሴ አንድ ነው፤ ብሩ ቢያንስም ኮንትራቱን ያዝ።

ሲይዝ ግን አንብቦ ይፈርም። በሕጋችን መነሻው ቅጥር ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው የሚል ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ለወቅታዊ ሥራ፣ በሕመም ወይም በፈቃድ የወጣን ሰው ለመተካት፣ ለተወሰነ ሥራ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሥራው ዓመቱን ሙሉ ያለ ሆኖ በየሦስት ወሩ አዲስ ወረቀት የሚያስፈርም አሠሪ ካለ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። አልሰጠም ማለት ግን መብት የለህም ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ቀን ሥራ ላይ ያላችሁት የሠራችሁበትን ቀን፣ የተከፈላችሁን ብርና የካቦውን ስም በደብተር ጻፉ የምለው። የምትችሉ ደግሞ ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር አስልኩ፤ ማስረጃ ነው።

የጡረታውን ነገር ብዙዎቻችሁ እንደ ቅጣት ነው የምታዩት። ከእናንተ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ስትፈርሙ ጠይቁ፤ የተቆረጠው ገቢ መሆኑንም ተከታተሉ።

ያልተከፈለ ደሞዝ ያለበት ሰው በ6 ወር ውስጥ፣ ያለ አግባብ ተባርሬያለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ደግሞ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት፤ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ እከፍልሃለሁ» የሚል አሠሪ ይህንን ጊዜ ሊያስበላችሁ ይችላል። መጀመሪያ ወረዳ ወይም ከተማ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱና አመልክቱ፤ ማመልከቻ መጻፍ ያቃተው ካለ እጽፍለታለሁ። ውል የቀረበላችሁም ከመፈረማችሁ በፊት ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ ላኩልኝ፤ ማታ ማታ ደብተር ሳርም አብሬ አየዋለሁ።