ዘመድ ጥየቃ መንገድ ይፈልጋል

ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሸዋል ኢድ ቤተሰብ ሊጠይቁ የሚነሱ ባልና ሚስት፣ መኪና እያላቸውም፣ አቅሙ ካላቸው እስከ ድሬዳዋ መብረርን ይመርጣሉ። ቅንጦት አምሯቸው ሳይሆን መንገዱን ስላላመኑት ነው። ጭሮ ያለችው አክስት፣ ሂርና ያለው አጎት ሳይጠየቁ ይቀራሉ። የጨርጨር ተራሮችና ቁልቢም አይታዩም።

የቲኬት አቅም የሌለውስ? ወይ እየሰጋ ይጓዛል፣ ወይ ይቀራል።

ዩኔስኮ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሸዋል ኢድን ደግሞ በ2023 መዝግቧል። ቅርሱ ግን ግንቡና በዓሉ ብቻ አይደለም። በሐረሪ ቤት ውስጥ ያለው ነደባ ቤተሰብና እንግዳ በየማዕረጉ የሚቀመጥበት መደብ ነው፤ ሰው ካልመጣ ምንጣፍ ከማንጠፍ አያልፍም።

ስለዚህ ቱሪዝም በሎጅና በማስታወቂያ ብዛት ብቻ አይለካ። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ በየዘመዱ ቤት ቡና ጠጥተው፣ ሐረር በሰላም መግባት መቻላቸው ቀዳሚው መለኪያ ይሁን። ይህን ማረጋገጥ የመንግሥት ግዴታ ነው።