ነፍሰ ጡሯ ዓይኗ ቢጫ ሲሆን



ቆቦ ከተማ ውስጥ አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር እህት አለች እንበል። ምግብ አስጠልቷታል፤ ያቅለሸልሻታል፤ ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቁሯል። በሦስተኛው ቀን ባሏ ዓይኗን ሲያይ ነጩ ቢጫ ሆኖ አገኘው። እናቱም «የወፍ በሽታ ነው ልጄ። ሐኪም ቤት ወስደህ መርፌ እንዳታስወጋት፤ ትሞትብሃለች። መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው አለ» አሉት። እናቱን ይስማ ወይስ ሚስቱን ይዞ ይሩጥ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከደከሙት አንዱ የአገራችን ሰው ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ናቸው። የጎንደር ካህን ልጅ ሲሆኑ፣ ሕክምናን በካናዳ ተምረው ወደ አገራቸው በመመለስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ አስተምረዋል። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቶች እዚሁ አገር ቤት እንዲሠለጥኑ መሠረት ከጣሉት ፈር ቀዳጆች መካከል ናቸው። በምርምራቸው ብዙ የደከሙት በጉበት በሽታ ላይ ነው።

በዚያን ዘመን ሐኪሞች «ኤ» እና «ቢ» የተባሉትን የጉበት ቫይረሶች በምርመራ ይለዩ ነበር። ብዙ ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሕመምተኞች ግን ከሁለቱም አልነበሩም። ሳይንቲስቶች ሌላውን ቫይረስ ለይተው «ሄፓታይተስ ኢ» ያሉት በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ፕሮፌሰር እደማርያም ከስዊድንና ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ወዲያው ይህን ቫይረስ በኢትዮጵያ ፈለጉ። በ1991 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች መካከል የተነሣው ወረርሽኝ የዚሁ ቫይረስ ሥራ እንደነበር አሳተሙ። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቫይረሱ ነፍሰ ጡሮችን እንዴት እንደሚጎዳ ጻፉ፤ በቀጣዩ ዓመትም በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወደዚሁ ጉዳይ ተመለሱ።

በምሁራን ዓለም የአንድ ጽሑፍ ክብደት ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ ዋቢ አድርገው ጠቀሱት የሚለው ነው። የ1992ቱን ጽሑፍ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ ጉበት በሽታ የጻፉ የሌሎች አገር ሐኪሞች ደጋግመው ጠቅሰውታል። ይህ ያስደስታል። ነገር ግን እውቀቱ ቆቦ እህታችን ቤት ካልደረሰ፣ መጠቀሱ ብቻውን ምን ይረባታል?

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታው የሚመጣው የሌሊት ወፍ በላያችን ስለበረረች አይደለም። ቫይረሱ ከሕመምተኛ ሰገራ ወጥቶ በተበከለ ውሃ ወደ ሌላው አፍ ይገባል፤ ምልክቱም ከ2 እስከ 10 ሳምንት ቆይቶ ይታያል። አብዛኛው ሰው ያለ ምንም መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ይድናል። የባህል መድኃኒት ሰጪው «እኔ አዳንኩት» የሚለውም ለዚህ ነው፤ የዳነው ባይጠጣውም ይድን ነበር። ነፍሰ ጡር ላይ ሲሆን ግን ታሪኩ ይለወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በሄፓታይተስ ኢ ከሚያዙ 100 እናቶች መካከል ከ20 እስከ 25 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። ጉበቷ ሥራ ያቆማል፤ ደም አልረጋ ይላል። ያልታወቀ ቅጠል ደግሞ የደከመውን ጉበት ይባስ ሊጎዳው ይችላል።

መርፌ ይገድላል የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ምናልባት ብዙዎች ሐኪም ቤት የሚደርሱት ከረፈደ በኋላ ስለሆነ፣ ሞቱ በመጨረሻው መርፌ ተመካኝቶ ይሆናል።

የራያ ቆላ በክረምት ከተራራው የሚወርድ ጎርፍ ያውቃል፤ ጎርፉም ሜዳ ላይ የተጣለውን ሁሉ ይዞ ወደ ወንዝና ወደ ጉድጓድ ይገባል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ እንደታየው፣ ሰው ተፈናቅሎ በአንድ ቦታ ሲጨናነቅ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ክትባት የለም ማለት አይደለም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ ካምፕ ወረርሽኝ ሲነሣ ለነፍሰ ጡሮች ጭምር ተሰጥቷል። የእኛ የየዕለቱ መከላከያ ግን ውሃን ማፍላት ወይም ውሃ አጋር መጨመር፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀምና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

ወደ ባልየው እንመለስ። ወንድሜ ሆይ፣ እናትህን አክብር፤ ክፋት አስበው አይደለም፣ የሰሙትን ነው የነገሩህ። ሚስትህን ግን ዛሬውኑ ወደ ቆቦ ሆስፒታል ውሰዳት፤ ወደ ወልድያ ከላኩህም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ነገ አትበል። ቫይረሱን የሚገድል የታወቀ መድኃኒት ባይኖርም፣ ሐኪሞች ደሟን ይከታተላሉ፤ ፈሳሽ ወይም ደም ይሰጧታል፤ ምጥ ቢመጣ ዝግጁ ሆነው ይጠብቋታል። እናትህንም ይዘሃቸው ሂድ። ጸልዩ፤ እየጸለያችሁም መኪና ፈልጉ።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።