መዝገቡ የጋራ፣ ማከማቻው የትም ይሁን

ጓዶች፤

ከማኅበራችን አባሎች አንዳንዶቹ ለአገራችን ቋንቋዎች የተሠሩት የክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች ሁሉ ወደ ጊትሃብ ተጠቃለው ይግቡ የሚል ሐሳብ ያቀርባሉ። መነሻው ቅን ነው፤ አቋሙ ግን የተሳሳተ ስለሆነ ልንቃወመው ይገባል።

በመጀመሪያ ተጨባጩን ሁኔታ እንመልከት። አቢሲኒካ የተባለው የኤስ አይ ኤል ፎንትና የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት የሚተነትነው የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ ጊትሃብ ላይ ይገኛሉ። የግኖም የአማርኛ ትርጉም ግን ግኖም ራሱ በሚያስተዳድረው ጊትላብ ላይ ነው። ይህን ከወላጅ ፕሮጀክቱ ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ማጓዝ ከሚታደስበት ምንጭ መለየት ይሆናል።

ደግሞስ የማከማቻው ጌታ ማን ነው? ጊትሃብን ማይክሮሶፍት በ2018 እ.ኤ.አ. በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። በ2019 በአሜሪካ ማዕቀብ ሳቢያ በኢራን፣ በሶርያና በክራይሚያ የሚኖሩ ፕሮግራመሮች ከአገልግሎቱ ከፊሉ ተዘጋባቸው፤ ለኢራኖቹ የተነሣላቸው በ2021 ነው። ጉግልም ጉግል ኮድ የተባለውን ማከማቻውን በ2016 ሲዘጋ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። በእኛ ላይ አይደርስም የሚል ጓድ ካለ ዋስትናውን ያሳየን።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። እዚሁ ሙረባዕ ቅርንጫፍ ያለው የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው የዐረብኛ የጋራ ካታሎግ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉትን መጻሕፍት በአንድ መዝገብ ያሳያል፤ መጻሕፍቱ ግን ከየመደርደሪያቸው አይነሡም። እኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው፤ የፕሮግራሙ ስም፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ ዋናው ሊንክ፣ የቅጂው ሊንክ፣ መጨረሻ የታደሰበት ቀን።

ሊንክ ይሞታል የሚሉ እውነት አላቸው። ነገር ግን በ2005 የተጀመረው ጊት እያንዳንዱ ቅጂ የሥራውን ሙሉ ታሪክ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ጊትሃብ ላይ፣ ሌላው በርሊን በሚገኘው ኮድበርግ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? አብሮ የማይገለበጠው በኮዱ ዙሪያ የተደረገው ውይይትና የስሕተት ሪፖርት ነው፤ እሱ በባለማከማቻው እጅ ስለሚቀር ለብቻው መቅዳት ግድ ይላል። ፈረንሳይ ውስጥ በ2016 ይፋ የሆነው ሶፍትዌር ሄሪቴጅ ደግሞ ለሚያስቀምጠው ኮድ መለያ የሚሰጠው ከይዘቱ አስልቶ እንጂ ከአድራሻው አይደለም። መለያው በመዝገባችን ከገባ ማከማቻው ቢዘጋም ኮዱን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

ለሚመጣው ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየወሩ አሥር አሥር ሊንክ ተከፋፍሎ ይክፈት፣ የሞተውን ይመዝግብ፣ ቅጂ የሌለውን ይቅዳ። ሥራው ከፎንቶቹ ቢጀመር ይሻላል፤ ያለ እነሱ ይህችንም ገጽ ማተም አይቻልምና።