እንኳን አደረሳችሁ እና የበዓሉ ሥጋ
ገና ወይም ፋሲካ በመጣ ቁጥር ሙስሊሙ መሃል «ለክርስቲያን ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ማለት ይፈቀዳል?» የሚል ክርክር ይነሳል። ከልካዮቹ ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ኢብኑል ቀይም ጉዳዩን ዑለማ በአንድ ድምፅ የከለከሉት ነው ብሏል፤ መምህሩ ኢብን ተይሚያም በበዓል ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር ስለ መመሳሰል በሰፊው ጽፏል። የግብፁ የፈትዋ ተቋም ዳሩል ኢፍታና ሊቁ ዩሱፍ አል ቀርዷዊ ግን ፈቅደዋል፤ ዋና መሠረታቸው ላልተዋጉን በጎ መዋልን የማይከለክለው የሱረቱል ሙምተሐና 8ኛ አንቀጽ ነው። እኔ ወደ ፈቃጆቹ አደላለሁ፤ ዒድ ሙባረክ ያለኝ ክርስቲያን በዚያች ቃል ሸሃዳ እንደያዘ ቆጥሬው አላውቅም። የሚገርመኝ የኛ አገር ልማድ ነው። የአህለል ኪታብን (የአይሁድና የክርስቲያኖችን) ምግብ ሱረቱል ማኢዳ በ5ኛው አንቀጽ ፈቅዷል፤ የኛ ሙስሊም ግን ክርስቲያን ያረደውን አይቀምስም (ክርስቲያኑም እንዲሁ)። ወሎ ውስጥ ጎረቤቱን መጋበዝ የፈለገ ክርስቲያን አንዱን በግ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል። ዑለማ የተሟገቱበት የደስታ መግለጫ ደግሞ አጥር ላጥር በነፃነት ይባላል! እናቶቻችን ኪታብ ሳይገልጡ ድንበሩን ሥጋው ላይ አሰመሩት፤ ምላሳቸውን ለቀቁት። ከጥንቃቄ የተነሳ ዝም የሚለውን ሙስሊም ጎረቤቱን እንደሚጠላ መቁጠርም ግፍ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ቡና የሚጠጣው ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ነው፤ በክርስቲያኑ የአምልኮ ሥርዓት መሳተፍን እንደሆነ ፈቃጆቹም አልፈቀዱትም።