ፎቶግራፉ የማን ነው?

ፎቶግራፍ ማንሣትን ለእንጀራ ሳይሆን ለደስታ ብለው የያዙ ሰዎች በከተማችን በርክተዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየመሥሪያ ቤታቸው ወረቀት ሲያገላብጡ ይውላሉ፤ ካሜራቸውም ከምሳ ዕቃቸው ጎን በቦርሳ ተሸጉጦ አብሮ ይውላል። እኔም ከእነርሱ አንዱ ስለሆንሁ የሳምንቱን አካሄድ አውቀዋለሁ። ጧት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለን ፀሐይ አግድም ወጥታ የተሰላፊውን ፊት ታበራለች፤ ዳሩ ግን ተራ ይደርስና ብርሃኑ ያመልጣል። በምሳ ሰዓት ፀሐይ ከአናት ላይ ቆማ የሰውን ዓይን በጥላ ትቀብረዋለች። ማታም አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናትና ቶሎ ይመሻል። ስለዚህ የሚቀረን ቅዳሜና እሑድ ነው።

ባለፈው ወር 50 ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ ሌንስ ገዛሁ። ይህ ሌንስ እንደ ቀድሞው እየተጠመዘዘ ሩቁን የሚያቀርብ አይደለም፤ ሰውን አጉልቶ ለማንሣት የፈለገ በእግሩ መጠጋት አለበት። ትርፉ በብርሃን በኩል ነው። የቀድሞው ሩቁን ሲያቀርብ ከ5.6 በላይ አይከፈትም ነበር፤ አዲሱ እስከ 1.8 ስለሚከፈት ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው እንደሚሰፋ ለጀማሪ ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግራል፤ ነገሩ ግን እንዲሁ ነው።

ሌንሱን ለመሞከር ቅዳሜ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ እግራቸውን ከጉድጓዱ ከትተው ይሠራሉ፤ ወደ ክፍሉ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ፎቶግራፍ ላነሣዎት ይፈቅዱልኛል?» አልኋቸው።

«አንሣ ልጄ። ግን አንተም እንደዚያኛው ይዘኸው ልትሄድ ነው? አምና አንዱ ከበሩ ማዶ ቆሞ በረጅሙ ካሜራ አነሣኝ፤ መልኬን እስከ ዛሬ አላየሁትም» አሉኝ።

የቀድሞው ሌንስ በዚያ ጨለማ 1/6 ሴኮንድ ይፈልግ ነበርና ፊታቸው እንደ ጭስ በታየ ነበር፤ ለአዲሱ 1/60 በቃው። ሥዕሉ አማረ። የሽማግሌው ንግግር ግን ከሌንሱ ይልቅ አሳሰበኝ።

በቀድሞው ጊዜ ሰው ፎቶግራፍ ቤት ሄዶ፣ ከፍሎ፣ ልብሱን አስተካክሎ ይነሣና ሥዕሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ከእሳቸው በኋላ የተተኩት ልጆቻቸውም ያነሡት ሰው መነሣቱን ዐውቆ ፊት ለፊት የተቀመጠላቸውን ነው። እኛ ለደስታችን የምናነሣው ይህን ሥርዓት ገለበጥነው። ተነሺው ሳያውቅ እናነሣዋለን፤ ሥዕሉም በዚያው ማታ በስልክ ለስንት ሰው ሲታይ እርሱ ብቻ አያየውም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ለታወቁ ሰዎች፣ ለባለሥልጣኖችና ሕዝብን ለሚመለከቱ በዓላት ልዩ ሁኔታ ተደርጓል፤ አንድ ሸማኔ ግን ከእነዚህ ውስጥ የለበትም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሰው ከተጠየቀ ሁኔታው ይለወጣል፣ ሥዕሉም ይደርቃል» እያሉ ይከራከሩኛል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች እውነት ነው። ነገር ግን ቁጭ ብሎ ሻይ ለጠጣ ሰው ሸማኔው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ካሜራውንም ይረሳዋል። ረጅሙ ሌንስ ለወፍና ለኳስ ሜዳ ይሁን።

በሳምንቱ ፎቶግራፉን አሳትሜ ወሰድሁላቸው። ወደ በሩ አስጠግተው ተመለከቱትና «መልኬስ መልካም ነው፤ ሸማው የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ሌንሱ ጨርሶ ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚታየው በአንድ ሜትር ርቀት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። እኛ ይህን ብዥታ እንደ ውበት ቆጥረን ገንዘብ እንከፍልበታለን፤ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ የደከሙበትን ጥለት ፈለጉት። ቀዳዳውን አጥብቤ፣ ካሜራውን ከበርጩማ ላይ አስደግፌ፣ እጃቸውን ገታ አድርገው ሸማውን እንዲይዙልኝ ለምኜ እንደገና አነሣኋቸው።

ከዚያ ወዲህ በቦርሳዬ ውስጥ ከካሜራው ጎን አንድ ፖስታ አለ። በአሁኑ ጊዜ ሦስት ፎቶግራፎች ይዟል፤ ሁለቱ ለሽሮ ሜዳ፣ አንዱ ለሾላ ገበያ በርበሬ ሻጭ ናቸው።