«አልቆለታል» ከማለታችሁ በፊት

በየሰፈሩ የግቢ በር ሲከፈት አጮልቃችሁ እዩ። ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ አንድ የቆመ መኪና አይጠፋም። ጎማው ተኝቷል፣ ኮፈኑ ላይ ድመት ፀሐይ ትሞቃለች፣ ጣሪያው ላይ የወፍ ኩስ ደርቋል። የማን ነው ስትሉ «የአባባ ነበር» ይሏችኋል። ታዲያ ምነው ቆመ ስትሉ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «ኧረ እሱ አልቆለታል!»

የዛሬው ጨዋታችን በዚህች «አልቆለታል» በምትባል ቃል ላይ ነው። ስለ ሞተር አላወራም፤ ለሞተር መካኒክ አለ። የማወራው ስለ ቀለም ነው። ሰው መኪናን የሚቀብረው በዓይኑ ነውና! ሞተሩ ደህና ሆኖ ቀለሙ ስለነጣ ብቻ በቆርቆሮ ዋጋ የሚሸጥ ስንት አለ።

እስቲ ከዘመድ ልጀምር። አክስቴ ባለቤቷ ካረፈ አራት ዓመት አለፋት። ትቶላት የሄደው ቀይ ቮልስዋገን ዛፍ ሥር ቆሞ ቆሞ፣ ቀይነቱ ጠፍቶ በበረኪና የታጠበ ሸሚዝ መስሏል። ደላላ መጣና ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ማዘር፣ ይሄ እኮ በኪሎ ነው የሚሸጠው» አላት። ቀለም ቀቢ ተጠራ፤ ለሙሉ ቅብ የጠራው ዋጋ ደላላው ከሰጠው ይበልጣል። ልጆቿ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «ይሸጥና እንገላገል»፣ ግማሾቹ «የአባታችን ነው፣ አይነካም» ይላሉ። ጨርቅ ይዞ የወጣ ግን አንድም የለም! አክስቴ ዝም። የቤቷ ጣሪያ ያፈሳል፣ ገንዘቡ ያስፈልጋታል። «በኪሎ» ስትባል ግን ባሏ ራሱ ሚዛን ላይ የወጣ ያህል ከፍቷታል። «ሦስት ቀን ስጡኝ» አልኩ።

መጀመሪያ ምርመራ። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጉና የማይታይ ቦታ ላይ ፈትጉ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ደስ ይበላችሁ! ቀለሙ የድሮው ዓይነት፣ ከላዩ ክሊር ያልተደረበበት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀለም የሚነጣው የላይኛው ስስ ንጣፍ በፀሐይና በአየር ስለሚቃጠል ነው፤ ከሥሩ ያለው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል፤ ቀይ ቀለም ደግሞ ለፀሐይ ደካማ ነው።

ጨርቁ ምንም ካልያዘ ከላይ ክሊር አለ። ክሊሩ ደብዝዞ ብቻ ከሆነ ተስፋ አለው። እንደ እባብ ቆዳ መላጥ ከጀመረ ግን በፖሊሽ አይመለስም፤ ያ ክፍል መቀባት አለበት። ቀለሙ ቋጠሮ አውጥቶ ካበጠም ከሥር ዝገት አለና ላዩን ማብረቅ ራስን ማታለል ነው።

የመጀመሪያው ቀን የውሃ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ላሜራው ሲቀዘቅዝ እጠቡ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አደራ አትጠቀሙ፣ የመኪና ሻምፑ ግዙ። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው ጨርቁን የምታለቀልቁበት። አለዚያ አሸዋውን መልሳችሁ ቀለሙ ላይ ታሹታላችሁ። የደረቀ የወፍ ኩስ በጥፍር አይፋቅም፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና አሥር ደቂቃ ታገሡት። ናፍጣ ነክሮ የሚወለውል አጣቢ ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል፣ በማግስቱ አቧራ ይሰበስባል።

ሁለተኛው ቀን የኮምፓውንድ ነው። የተቃጠለውን ንጣፍ የሚያነሣው እሱ ነው። ጎማና ፕላስቲክ ያለበትን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ጋዜጣ ገጽ በላይ አትያዙ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ገልብጡ። ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነውና እጃችሁ ቀለል ይበል። በማሽን ልሥራ የሚል ካለ የሚያውቅበት ሰው ይያዝለት፤ በደቂቃ ውስጥ እስከ ላሜራው ሊደርስ ይችላል። ብርጭቆ ወረቀትማ ስሙንም አታንሡብኝ!

ሦስተኛው ቀን ፖሊሽ፣ ከዚያ ዋክስ። ኮምፓውንድ ይቆርጣል፣ ፖሊሽ ያለሰልሳል፣ ዋክስ ያለብሳል። ዋክሱን ከዘለላችሁት ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ሲነጣ «ድሮስ አልቆለት ነበር» ልትሉ ነው።

ምን አለፋችሁ፣ ቀዩ ከሥር ብቅ አለ! ታዲያ የግራው የፊት ፓራፋንጎ ከሌላው ጠቆር ብሎ ወጣ። ቮልስዋገን ፓራፋንጎው በብሎን የሚታሰር ስለሆነ ተፈትቶ ይቀየራል። አክስቴን ብጠይቃት ሳቋ መጣ። «እሱማ የኔ ሥራ ነው! መንዳት ሊያለማምደኝ ወጥተን የሰው አጥር ገጨሁ። እስኪሞት ለማንም አልተናገረብኝም» አለች። በሹፌሩ በር ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ ቀለሙ አልቆ አስታሩ ይታያል። እዚያ ላይ ኮምፓውንድ አይነካም፣ ዋክስ ብቻ። እሷም «ተወው፣ እሱ ይቅር» አለች።

ደላላው ተመልሶ ሲያይ ደነገጠ። ቀጥሎም ጠረጠረ፤ «ምን ሸፍናችሁበት ነው?» ከኪሱ ማግኔት አወጣ። ማግኔት ላሜራ ይይዛል፣ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ላይ ግን አይጣበቅም። በዞረበት ሁሉ ጥብቅ አለለት። የፓራፋንጎውን ጉዳይ አክስቴ ራሷ ነገረችው። ሙሉ ቅብ ያላስፈለገውም ለዚህ ነው። አሮጌ መኪና አዲስ ቀለም ሲለብስ ገዢ «ከሥሩ ምን አለ?» ይላል፤ የፋብሪካው ቀለም ግን ራሱ ምስክር ነው። የሰጠው ዋጋ ሦስት እጥፍ ሆነ። ለእሱ አልሸጠችም፤ ከሳምንት በኋላ የተሻለ ለከፈለ፣ ሊነዳው ለሚፈልግ ሰው ሸጠችው። አንገቷን ደፍታ ሳይሆን ተደራድራ! ጣሪያውም ተቀየረ።

ወጣቶች ሆይ፣ የአሮጌ መኪና ነገር እንደ ድሮው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ የቆመውን ማንሣት ሙያ ነው። የድሮው ቮልስዋገን ቢትልማ የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ ከተመረተ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2003። ያለችው ያለችው ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በየሦስት ወሩ ዋክስ። በክረምት ላስቲክ አልብሳችሁ አትርሱት፤ እርጥበት አፍኖ ያዘገዋል። ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱን ጠይቁ። የእናትን፣ የአክስትን፣ የአያትን ንብረት ስትነኩ የትኛው ጭረት እንደሚጠፋና የትኛው እንደሚቀር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዚያ ይሸጡት ወይ ያስቀምጡት፣ ውሳኔው የእነሱ ይሁን። የእናንተ ድርሻ አቧራው እንዳይወስንላቸው ማድረግ ነው።

በሉ፣ ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!